ዳኛውም እኔ፣ አስተባባሪውም እኔ

ስልጣን ፈልጌ አላውቅም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ "እሱ ድሮም ወንበር ይወዳል" ተብዬ እንዳልታማ። እኔ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ገመድና ጆንያ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሱቄ እንደሆነች እኔና አንድ ደንበኛ ከገባንባት ሌላው ውጭ ቆሞ ነው ዋጋ የሚከራከረው። እንዲህ ያለ ሰው ስልጣን ቢመጣለት የት ያስቀምጠዋል?

መጣ ግን። ያውም ጥንድ ሆኖ።

የመጀመሪያው የዕድር ዳኝነት ነው። እሱን ያገኘሁት ከስብሰባ በመቅረቴ ነው። መቼም ዕድር ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ምርጫ ሲደርስ የተገኘው ሁሉ "እኔ ደም ግፊት አለብኝ"፣ "እኔ ክፍለ ሀገር እመላለሳለሁ" እያለ አንድ በአንድ ያመልጣል። የቀረ ሰው ግን በምን አፉ ያመልጣል? በዚያች እሁድ የባለቤቴ የአለምነሽ እህት ለልጇ ክርስትና ጠርታን እዚያ ነበርኩ። ቁርጥ ፊት ተቀምጬ ቢላ ስስል፣ ለካ እዚህ በሙሉ ድምፅ ተመርጫለሁ። አመሻሹ ላይ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ፈለቀ በሬን አንኳኩተው፣ ኮፍያቸውን አወለቁና "እንኳን ደስ አለዎት ዳኛችን" አሉኝ። ጠዋት በበሬ ሲያልፉ "አንተ ልጅ" ብለውኝ ነበር።

ሁለተኛው ሹመት ደግሞ ቀድሜ በመድረሴ የመጣ ነው። ከመጀመሪያው ተምሬ የለ? ዳግመኛ ከስብሰባ አልቀርም ብዬ ማልኩ። ወረዳው የመንገዳችንን ነጋዴዎች ስለ መንገድ ሥርዓት ሲሰበስብ፣ ወንበሩ ሳይደረደር ደርሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ መንገዷ በጋሪ፣ በማዳበሪያ፣ በሸራ እየተዘጋች መኪና መግባት ስላቃተው፣ ዕቃ የሚያስነሳና መንገዱን ክፍት የሚያደርግ አስተባባሪ ከነጋዴው መሃል ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ይሄኔ ሙዲን ከኋላ ተነሳ። ሙዲን ከሱቄ ፊት ለፊት በርበሬ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ጨዋታ የማያልቅበት ወጣት ነጋዴ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በጣም እወደው ነበር።

"ጋሼ ይሁኑልን" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። "ለሥራው ያላቸው ፍቅር ከአመጣጣቸው ይታወቃል።"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። እዚያው፣ ጀርባዋ ላይ "አስተባባሪ" የሚል የተጻፈባት አረንጓዴ ሰደርያ አለበሱኝ። የተሰፋችው ለሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ጉልበቴ ላይ ትደርሳለች።

በእርግጥ መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሥራ መያዙ ብርቅ አይደለም። እኛ መንገድ ላይ ቁልፍ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፤ ቁልፉ ሲጠፋባችሁ በሩን ሰብሮ የሚከፍትላችሁም እሱው ነው። ጠዋት "ይሄንን ማንም አይከፍተውም" ብሎ ይሸጥላችኋል፣ ከሰዓት መጥቶ በአንድ ሽቦ ይከፍተዋል። ማንም ተቀይሞት አያውቅም። እኔም ራሴን በእሱ እያጽናናሁ ሹመቴን ተቀበልኩ።

የእኔ ነገር ግን ትንሽ ይለያል። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፤ ከሱቁ ጎንና ጀርባ ደግሞ ሰው ይኖራል፤ የሰውም የመኪናም መውጫ መግቢያ ያችው አንዲት መንገድ ናት። ስለዚህ ሰው ሲሞት የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለማ። ድንኳኑን የሚያስተክለው ማነው? የዕድሩ ዳኛ። መንገድ ላይ የተተከለውን ሁሉ የሚያስነሳውስ? አስተባባሪው። ይህ ነገር አንድ ቀን እንደሚጋጭ የሰፈሩ ድመት ሳይቀር ገብቶታል። ለእኔ ብቻ አልገባኝም።

አለምነሽ ግን ነግራኝ ነበር። ሰደርያዋን ልታሳጥርልኝ ክርና መርፌ ይዛ ተቀምጣ፣

"ሰው ቢሞትስ?" አለችኝ።

"ማን?"

"ማንም ይሁን። ድንኳኑን ተክለህ መልሰህ ልትነቅለው ነው?"

"አንቺ ደግሞ! እኔ ከተመረጥኩ ወዲህ ማን ሞተ?"

"እሺ፣ እንዳይሞቱ ንገራቸው" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተመችቶኝ ነበር። የዕድሩ ድንኳን ቋሚዎች የሚቀመጡት የእኔው ሱቅ ግድግዳ ሥር ነው፤ ጫፋቸው መንገዱ ላይ ተጋድሟል። በተሾምኩ ማግስት ሰደርያዬን ለብሼ ስዞር አየኋቸውና ደሜ ፈላ። "የማነው ይሄ?" ብዬ ጮኽኩ። "የዕድሩ ነው" አሉኝ። "ዳኛውን ጥሩልኝ!" አልኩ። ሰው ሁሉ እኔኑ አየኝ። ሱቄ ገባሁ፣ ሰደርያዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን ጣል አደረግኩና ሳስበው ዳኛውም እውነት አለው፤ ቋሚዎቹን የት ያድርጋቸው? ትንሽ ጊዜ ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። ሰደርያዬን መልሼ ለበስኩና ጊዜ ሰጠሁት። ከሰው ጋር ተነጋግሬ እንዲህ ቶሎ የተስማማሁበትን ቀን አላስታውስም። አለምነሽን ጨምሮ።

እያደር ሰዉም ለመደው። ዕድርተኛ ሲመጣ ነጠላ፣ ነጋዴ ሲመጣ ሰደርያ። ጋሽ ፈለቀ በነጠላ ሲያገኙኝ "እንደምን ዋሉ ዳኛችን" ይሉና በሰደርያ ሲያገኙኝ "አንተ፣ ይቺን ጋሪ አታስነሳም?" ይሉኛል። ሙዲን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰደርያዋን ሲያይ "ጋሼ" ብሎ ወንበር ይስብልኛል፣ ነጠላዋን ሲያይ ስልኩን ያነሳል። እኔም ወግ ነው ብዬ ያዝኩት። እንዲያውም አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆሜ የቱ እንደሚያምርብኝ አይ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ተሰማ ሞቱ።

ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን የሸጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው ከሙዲን መጋዘን ጎን ነው፤ በራቸው በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። የሞተ ሰው ማማት ነውር ነው፤ እኔም አላማም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚለውን ብቻ ነው የምለው። የበርበሬ መኪና ጥሩምባ ሲያሰማ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብቅ ይላሉ፣ "እናንተ አረመኔዎች! ሳንባችንን ጨረሳችሁት!" ይሉና በሩን ድርግም ያደርጉታል። ከድርግምታው የተነሳ እኔ ሱቅ የተንጠለጠለው ገመድ ሁሉ ይወዛወዛል። ከጫኝና አውራጆቹ መሃል እሳቸው በስሙ የሚጠሩት አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አረመኔ ነው። ከእኔ ገመድ ገዝተው አጠረ ብለው መለሱ፤ አስረዝሜ ብሰጣቸው ረዘመ ብለው መለሱ። ጋሽ ፈለቀንማ "ጥሩምባህን ሌላ ሰፈር ሄደህ ንፋ" ብለዋቸው ያውቃሉ።

በዚያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ፈለቀ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመው ያንኑ ጥሩምባ ለእሳቸው ነፉ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየሮጥኩ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ከበሩ ገባ ብሎ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ያ ሁሉ የጋሽ ተሰማ ጩኸት ባለበት ቤት የእሳቸውን ድምፅ ከፍ ብሎ የሰማ የለም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሰው ይመጣ ይሆን?"

"ምን ማለትዎ ነው እትዬ? ዕድሩ አለ፣ ሰፈሩ አለ።"

"ተሰማን ታውቀዋለህ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ያላስቀየመው ሰው የለም። ልጅ አልሰጠን፣ ዘመዱም ሩቅ ነው። ድንኳኑ በሬ ላይ ከተተከለ ግን መንገደኛውም ቢሆን አይቶት ጎራ ይላል። ብቻዬን ግድግዳ ሳይ እንዳልውል። በሬ ላይ ሰው ልይለት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ በርዎ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል" ብዬ በቁሜ ማልኩላቸው። ወጥቼም ለጋሽ ፈለቀ "እትዬ ብርሃኔ በር ላይ ይተከል" አልኳቸው። "እርስዎ ካሉ አለቀ" አሉና ቋሚዎቹን ሊያመጡ ሄዱ።

እኔ ወደ ሱቄ ገባሁ። ሱቅ ስገባ ነጠላ አውልቄ ሰደርያ መልበስ ልማድ ሆኖብኛል፤ እጄ ራሱ ያደርገዋል። ገና ስቆልፋት ሙዲን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ ከማረቆ ያስጫንኩት በርበሬ አብነት ሰፈር ደርሷል። ሰማዩን አይተውታል? ወቅቱም አይደል፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ዛላው ከረጠበ ሻገተ ማለት ነው፤ ዘንድሮ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው። መንገዱ ክፍት ነው አይደል?"

አውራ ጣቴን የሰደርያዬ ኪስ ውስጥ ሰካሁ። "የእኔ መንገድ መቼ ተዘግቶ ያውቃል! ይግባ!"

ወላሂ፣ እግዚአብሔርን፣ በፈለጋችሁት ልማል፤ አልዋሸሁም። ሁለቱንም ያልኩት ከልቤ ነው። ነጠላ የለበሰው ሰውዬ ድንኳኑን ፈቀደ፣ ሰደርያ የለበሰው ሰውዬ መኪናውን ፈቀደ፤ ሁለቱ ተገናኝተው አልተነጋገሩም እንጂ። አብነት ደረሰ ማለት ደግሞ ለመርካቶ ሰው ደረሰ ማለት አይደለም፤ ከአብነት እዚህ ድረስ በመኪና ከመምጣት ማረቆ ተመልሶ መሄድ ይቀላል። ስለዚህ ለሁሉም ጊዜ አለ ብዬ፣ ነጠላዬን ሰደርያዬ ላይ ደርቤ ወደ ቀብር ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ እውነትም ሰው አልነበረም። ዕድሩ የሚያስገድደን ጥቂት ሰዎች ነን። የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲጥ ባለ ቁጥር እትዬ ብርሃኔ ዞር ይላሉ፤ የሚገባው የሌላ ሰው ቀባሪ ነው። እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ መሬት መሬት አየሁ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ "ድንኳኑ ተተክሏል አይደል?" አሉኝ። "አይጠራጠሩ" አልኳቸው።

ገና መንገዳችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የመኪና ጥሩምባና የጋሽ ፈለቀ ጥሩምባ ሲመላለሱ ሰማሁ። ሾፌሩ ሲያጮኽ ጋሽ ፈለቀ ይነፋሉ፤ እሳቸው ሲነፉ እሱ ያጮኻል። ወርጄ ሮጥኩ። ድንኳኑ በአንድ ወገኑ ቆሟል፤ ሌላው ወገኑ ቋሚ አጥቶ መኪናው አፍንጫ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ፈለቀ መኪናው ፊት እግራቸውን አንፈራጥጠው ቆመዋል። ሙዲን እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከኋላቸው ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ገበያተኛው ተጠራቅሞ ሁሉም በአንድ አፍ ይጮኻል። ሰማዩ ጠቁሯል።

"መጡ! መጡ!" አለ ሰው።

"ዳኛችን፣ እርስዎ አይደሉም የፈቀዱልኝ?" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም የፈቀዱልኝ?" አለ ሙዲን።

"ነኝ" አልኩ። ለሁለቱም።

"እስቲ ነጠላውን ያውልቁና ያነጋግሩኝ" አለ ሙዲን።

"እንዳያወልቁ!" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

አወለቅኩ። አረንጓዴዋ ሰደርያ ብቅ ስትል በነጋዴው ወገን እፎይታ ሆነ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "መንገድ አይዘጋም! ድንኳኑ አሁኑኑ ይነሳ!" አልኩ።

"አንተ ማነህና ነው የዕድር ድንኳን የምታስነሳው?" ብለው ጋሽ ፈለቀ ጥሩምባቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ዳኛውን ጥራልኝ!"

ነጠላዬን ለበስኩ። "ድንኳኑ አይነሳም!" አልኩ።

"አስተባባሪው አዟል እኮ!" አለ ሙዲን።

"አስተባባሪው በለቅሶ ምን አገባው? ሰው ሞቶ እኮ ነው! ልብ የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?" አልኩ። እውነቴን ነው፤ በራሴ ላይ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

አወለቅኩ። "ዳኛው አፉን ይሰብስብ! ሕግ የሚባል ነገር አያውቅም!" ለበስኩ። "ከተሾመ ወዲህ ሰው መስደብ ሆኗል ሥራው!" አወለቅኩ፤ ለበስኩ። መሃል ላይ ነጠላው ከሰደርያዋ ቁልፍ ጋር ተያያዘና ግማሽ ግማሽ ሆኜ ቀረሁ። ከሰዉ መሃል አንዱ "አሁን የሚናገረው የቱ ነው?" ሲል፣ ሌላው "ሰደርያው ነው መሰለኝ" አለው። "አይ፣ ድምፁ የነጠላው ነው" አለ ሦስተኛው።

አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ሚጥሚጣ ሊገዙ የመጡ ይመስለኛል፣ ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። "ኧረ ተዉ፣ ባለጌ አታድርጉን፣ ታረቁ" አሉና ግራ እጄን አንስተው ከቀኝ እጄ ጋር አጨባበጡኝ። ምን ልሁን? ልቤ ገና አልበረደም። "መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ!" ብዬ እጄን ከእጄ ነጠቅኩ።

ከዚያም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ ለራሴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመርኩ። ረጅም ነበር። የመንገድ ሥርዓት አነሳሁ፣ የሰው ክብር አነሳሁ፣ ሁለቱም ወገን ግሩም አድርገው ተናገሩ። መሃል ላይ ጣቴ ላይ አንድ ወፍራም የዝናብ ጠብታ አረፈች። ዓይኔን ስገልጥ ፊቴ አንድም ሰው የለም።

የሆነውን ኋላ ነው እዚያው የነበረችው አለምነሽ የነገረችኝ። እኔ ስለፈልፍ እትዬ ብርሃኔ ከሚኒባሱ ወርደዋል። እንኳን እግዜር ያጽናዎት ሊላቸው፣ መውረዳቸውንም ያየ የለም። ቀስ ብለው መኪናው ጋ ሄዱና የጎኑን እንጨት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ እንጨት ድንኳን ይችላል?" ብለው ጠየቁ።

ሾፌሩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "ስንት ኩንታል የሚችል፣ እማማ!" አላቸው።

"እንግዲያማ ምን ቋሚ ትፈልጋላችሁ?" አሉ።

ሙዲን አያቸው፣ ድንኳኑን አየ፣ ሰማዩን አየና "ገመድ!" ብሎ ጮኸ። ገመዱን ከማን ሱቅ ይመስላችኋል የወሰዱት? የጠየቀኝም የለም። ያ ሁሉ "አረመኔ" የተባለ ጫኝና አውራጅ መኪናው ላይ ወጣና የወደቀውን ሸራ ስቦ ከመኪናው ጎን ጋር አሰረው። ድንኳኑ ከጋሽ ተሰማ በር እስከ መኪናው ድረስ ተዘረጋ። ዝናቡም ያን ጊዜ ወረደ፤ ዝናብ አይባልም፣ ሰማዩ ተገለበጠ። ከሸራው ሥር ነጠላ ያዘቀዘቀው ዕድርተኛ፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው ተሰልፎ የበርበሬውን ማዳበሪያ ማቀባበል ጀመረ። ጋሽ ፈለቀ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው አንዱን ጫፍ ይዘዋል። አግዳሚ ወንበሩ ገና ስላልመጣ በርበሬው በግድግዳው ጥግ ጥግ ተደረደረና ለቀስተኛው እሱ ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ያባረረው መንገደኛም ሁሉ እየሮጠ ገባ። ሚጥሚጣ ገዢው ሽማግሌም ከነዘንቢላቸው ገቡ።

እንግዲህ አስቡት። የማረቆ ዛላ፣ የተዘጋ ድንኳን፣ ከላይ ዝናብ፣ ከሥር ይሄ ሁሉ መቀመጫ በርበሬውን እየተጫነው። መጀመሪያ አንዱ አነጠሰ። ቀጥሎ ጋሽ ፈለቀ ሳል ያዛቸው። ከዚያ የሁሉም ዓይን ፈሰሰ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ይነፋረቃል። ሙዲን ራሱ፣ በርበሬ ውስጥ ያደገ ሰው፣ ነጠላ ለምኖ ፊቱን ሸፈነ። ዘግይቶ የገባ መንገደኛ ይህን ኀዘን ሲያይ "ማናቸው እኒህ የተወደዱ ሰው?" ይልና እሱም ተቀምጦ ያለቅሳል። ጋሽ ተሰማ ያን ያህል ሲያሳድዱት የኖሩት በርበሬ ሳይቀር ለቅሷቸው ላይ ተቀምጦ ዋለ።

እኔስ? እኔ ዝናብ ላይ ነኝ። ነጠላዬ በአንድ እጄ፣ ሰደርያዬ በአንድ ትከሻዬ፣ ውሃ ከአፍንጫዬ እየተንጠባጠበ ቆሜአለሁ። እትዬ ብርሃኔ ሸራውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ዝናብ ላይ ምን ትሠራለህ?"

"ጉዳዩ ገና አልተወሰነም እትዬ" አልኳቸው ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ቆም ብለው አዩኝ። ባለቀሱበት ዓይን ፈገግ ያሉ መሰለኝ። "ልጄ፣ አንተ ብቻህን ሁለት ሆነህ ስትጨቃጨቅ፣ እኛ ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ሆነን ጨረስነው። ና ግባ።"

ዳኛ ሆኜ ልግባ ወይስ አስተባባሪ ልል አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ነጠላዬንም ሰደርያዬንም ከእጄ ተቀብለው ድንኳኑ ገመድ ላይ፣ የእኔው ገመድ ላይ፣ ጎን ለጎን አሰጡልኝ። በሸሚዝ ብቻ ቀረሁ። አጠገባቸው ማዳበሪያ ላይ አስቀመጡኝ። በጣም አፈርኩ፤ ያን ያህል ምዬ፣ ድንኳኑን ያቆመላቸው ሌላ ሰው ነው።

እሳቸው ዓይናቸውን ከፊት ወደ ፊት እያዘዋወሩ ሰዉን ሁሉ ያያሉ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለተሰማ" አሉ።

ዝም ብልስ ምን ነበረበት? ግን እኔ ነኛ። "እትዬ... መቼም... በርበሬውም እኮ..." አልኩ።

"በርበሬው መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?" አሉኝ። "እዚህ መንገድ ላይ አርጅቼ የበርበሬ እንባ ላላውቅ? ግን እየው እስቲ። ዝናቡ አባርቷል። አንድም ሰው ተነስቶ አልወጣም።"

ጆሮዬን ጣል ባደርግ እውነትም ሸራው ጸጥ ብሏል። የድንኳኑ በር ክፍት ነው፤ ውጭ ፀሐይ ወጥታለች። ሙዲን በርበሬው በሙሉ ገብቶለት እዚያው ተቀምጧል። ጫኝና አውራጁ ተቀምጧል። ጋሽ ፈለቀ "ጥሩምባህን ሌላ ሰፈር ንፋ እንዳሉኝ ሞቱ" እያሉ ይንሰቀሰቃሉ። ሽማግሌው ዘንቢላቸውን እግራቸው መሃል አድርገው ለማያውቁት ሰው ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ። የየትኛው እንባ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ዕድርተኛውም ነጋዴውም አንድ ላይ ተሰበሰበ። አጀንዳው "አንድ ሰው ሁለቱን ሹመት መያዝ ይችላል ወይ?" የሚል ነበር። ሰብሳቢ እኔ ነኛ፤ ልመራው ብድግ ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ "ተቀመጥ!" አሉኝ። ክርክርም አላስፈለገው። ሰደርያዋን ለሙዲን አወረስኩት፤ ትከሻዋ ለእሱ እንዲያውም ልክ ነው። በተሾመ ማግስት መጀመሪያ ያስነሳው የእኔን ገመድ ነው። ከዕድሩም ልወርድ ብዬ ነበር፤ ግን ምትክ የሚመረጠው ከቀረ ሰው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከስብሰባ የሚቀር ሰው ጠፋ። የታመመ ሳይቀር ተደግፎ ይመጣል። አሁን ድንኳንና መኪና ሲገጣጠሙ እኔና ሙዲን እንደ ወጉ እንጣላለን። ደስ ይላል፤ ቢያንስ ሽማግሌ ቢመጣ የማንን እጅ ከማን ጋር እንደሚያጨባብጥ ያውቃል።

ባለፈው የሙዲን መኪና ሌላ በርበሬ ጭኖ ገባ። ማራገፍ ሲጀምሩ ያ አቧራ ቦነነና እኔም ወደ እትዬ ብርሃኔ በር ሮጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ዱካቸውን ደፍ ላይ አውጥተው፣ መሐረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ በሩን ልዝጋልዎት፤ በርበሬው እየገባ ነው" አልኳቸው።

"ተወው ይግባ" አሉኝ። "ዛሬ ገና አላለቀስኩለትም።"